ከአምስቱ ትምህርቶች እስከ ሃምሳ ከመቶ

በ2010 ዓ.ም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደገኛ ቀና ብሎ ነበር። ዋናው ግቢ በቱሉ አውሊያ፣ ሁለተኛው ግቢ በመካነ ሰላም ተተከለ። የቦረና፣ የሳይንት፣ የወግዲና የከላላ ገበሬ ልጁን ለማስተማር ሲል ስንቅ አስሮ ደሴ የሚሰድ፣ ከደሴም ወዲያ አዲስ አበባን የሚያስብ ሰው ነበር። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተነሥቶ ወደ ደጃፉ መጣለት።

አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ሌላ ወሬ ተሰማ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ። ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲው ወደ ልጁ ደጅ ቀረበ፤ የዩኒቨርሲቲው በር ግን ጠበበ።

ይህን ስንሰማ አብዛኞቻችን የተናገርነው ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህር እጥረትና ስለ ልጆች ስንፍና ነው። የሚነገር ነገርም ነበረው። እኔ ዛሬ ማንሣት የምፈልገው ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነው። አንድ የመካነ ሰላም ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ከፊቱ ያለው አራት ዓመት ለምን እንደሆነ ማን ይነግረዋል? ትምህርቱን ለመጨረስ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲ ለመግባትስ? ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተወለደ አይደለም። በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ ቢያንስ ሰባ ዓመት የኖረ፣ በየዘመኑ መልሱ የተለዋወጠ ጥያቄ ነው። ታሪኩን ከሥሩ ብንከተለው የዛሬውን ውጤት በሌላ ዓይን እናየዋለን ብዬ አምናለሁ።

የየኔታ ደንብ

ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት አገራችን ትምህርትን በእርከን ከፋፍሎ የሚያስኬድ ሥርዓት አልነበራትም ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ከፊደል ተነሥቶ ንባብ ይለያል፣ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ዜማ ቤት ገብቶ ጾመ ድጓና ድጓ ይማራል። ቅኔ ቤት ገብቶ ሰዋስውን ይቀጽላል። በመጨረሻም መጻሕፍት ቤት ገብቶ ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን በትርጓሜ ያደላድላል። ለእያንዳንዱም የታወቀ የምስክር ቦታ አለ። ድጓ በቤተልሔም፣ አቋቋም በጎንደር፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ፣ ቅዳሴ በደብረ ዓባይ ይመሰከራል። ለቅኔ ዋድላ አለ፤ ዋሸራና ጎንጅም አሉ። ቆሎ ተማሪው ዳባውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከቦታ ቦታ ሲዞር ወዴት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

በእስልምናውም በኩል ወሎ ከማንም አያንስም። ደረሳው ቁርኣኑን ከቀራ በኋላ ፊቅሁን፣ ነሕዉን፣ ተፍሲሩን በየኪታቡና በየሸኹ ተከትሎ ይሄዳል። ዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉሥ ስማቸው የገነነው በዚህ ነው። ሸኹ ተማሪው ያንን ኪታብ መያዙን ሲያምኑ ለሌላ እንዲያስተምር ይፈቅዱለታል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በሚኖሩበት በቦረና ደጋ ሁለቱም ጎዳናዎች የታወቁ ነበሩ።

የእነዚህ ሥርዓቶች ትልቁ ቁም ነገር ይኸውላችሁ፦ በመንገድ የቀረ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም። ዳዊት ደግሞ የቆመው ዲያቆን ይሆናል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። ድጓ ያወቀው መሪጌታ ይባላል። ቅኔ ያወቀው የቅኔ መምህር ሆኖ ጉባኤ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ማለቂያ፣ የራሱም ማዕርግ አለው። ወደሚቀጥለው ቤት መግባት ሌላ ጉዳይ ነው። ያልገባ ሰው አልገባም ይባላል እንጂ ወደቀ አይባልም።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ በጋስጫ ገዳም ስሙ የሚጠራው፣ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው፣ መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው አባ ጊዮርጊስ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ገድሉ እንደሚተርከው በሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት ገብቶ ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርቱ አልገባህ ብሎት ኖሯል። ገድሉ የኋላውን ብሩህነት ለእመቤታችን ይሰጣል። ከሥርዓት አንጻር ላየው ግን ሌላም ነገር አለበት፦ ሰባት ዓመት ያልገባውን ልጅ አላባረሩትም። ጊዜ ነበረው። የዘመናዊው ተማሪ የሌለው አንዱ ነገር ጊዜ ነው።

መግቢያ ወይስ መልቀቂያ

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም ሲከፈቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚባል ነገር በወጉ አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃ በደንብ የቆመው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት በኮተቤ፣ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም በአዲስ አበባ በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ተከፈቱ። እነዚህ ልጆች ሲጨርሱ ምን ይፈተኑ? የአገር ውስጥ ፈተና አልነበረምና የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ተፈተኑ። «ማትሪክ» የሚለው ቃል ወደ ቋንቋችን የገባው በዚያ በኩል ነው።

ቃሉን እስቲ እንፍታው። መነሻው በላቲን መዝገብ ማለት ነው። ማትሪክ ማለፍ ማለት በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ለመጻፍ መብቃት ነው፤ መግባት ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ከተከፈተ በኋላ በለንደኑ ፈተና ቦታ የአገር ውስጥ ፈተና ሲተካ ግን ስሙ «የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መልቀቂያ ፈተና» ተባለ። መንግሥት መልቀቂያ ብሎ ጻፈው፤ ሕዝቡ ማትሪክ፣ ማለትም መግቢያ፣ ብሎ ጠራው። አንድ ፈተና ሁለት ስም፣ ሁለትም ሥራ ተሸከመ። የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚህ የሚጀምር ይመስለኛል።

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ በየመንገዱ ፈትቶታል። በአሜሪካ ልጁ ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሰው በአራት ዓመት ውስጥ የተወሰነ ያህል ትምህርት በየዓይነቱ ወስዶ ሲያሟላ ነው። ኮሌጅ መግባት ከዚያ በኋላ ኮሌጁ ራሱ የሚወስነው ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ከአማካሪው ጋር ተቀምጦ የአራት ዓመቱን ትምህርት በወረቀት ይነድፋል። ፈረንሳዮች ከናፖሌዎን ዘመን ከ1808 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚያውቁት ባካሎሪያ ግን መጨረስና መግባት አንድ ላይ ናቸው፤ ያንን ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የመግባት መብት ያገኛል። እኛ የወሰድነው ከሁለቱም ነው። ፈተናው እንደ አውሮፓው በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ ሆነ። ልጁ ሲያልፍ የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት «ፍሬሽማን» ብሎ እንደ አሜሪካኖቹ ሁሉንም ትምህርት እንደገና የሚያስጀምር ሆነ።

አምስቱን መያዝ

የድሮው ማትሪክ ደንብ ሲታይ ቀላል ነው። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በአምስት ትምህርት ማለፍ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛና ሒሳብ የግድ ናቸው፤ በጃንሆይ ዘመን አማርኛም እንዲሁ። ከአራት ነጥብ የሚሰላው አማካይ የሚወጣው ከአምስቱ ነው። «አራት ነጥብ አመጣ» የተባለ ልጅ በመንደሩ ስሙ ለዓመታት ይነሣ ነበር።

እኔ ራሴ የተፈተንኩት በዚህ ደንብ ነውና የተማሪውን ስሌት አውቀዋለሁ። «አምስቱን ያዝ» ይባላል። ፊዚክስ የከበደው ልጅ በባዮሎጂ ይተካል፤ ኬሚስትሪ ያልሆነለት ታሪክና ጂኦግራፊ ላይ ይበረታል። ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ አምስት ትምህርት መርጦ በእነሱ ላይ ሌሊቱን የሚያነጋ ተማሪ ነበር። ይህ የትምህርት ዕቅድ ነው፤ ማንም በወረቀት አላወጣልንም እንጂ። ዕቅዱ የሚወርሰው ከታላቅ ወንድም፣ ከጎረቤት የኮሌጅ ተማሪ፣ ወይም ከአንድ ቅን መምህር ነው። ታላቅ ወንድም ያልተማረለት ልጅ ደንቡን የሚሰማው 12ኛ ክፍል ሲደርስ፣ ያውም ከመንገድ ላይ ወሬ ነው። አንዳንዱ ስድስት ትምህርት በደንብ አውቆ እንግሊዝኛው ወድቆበት ደጅ ቀርቷል። እንግሊዝኛ የግድ መሆኑን ግን ማንም በ9ኛ ክፍል ረግጦ አልነገረውም።

ምርጫ ደግሞ የሚመረጥ ነገር ሲኖር ነው። በተማርኩበትና ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ሙሉ የፊዚክስ መምህር አልነበረንም። ሰሌዳው ላይ የትምህርቱ ስም በየሳምንቱ ይጻፋል፤ ክፍለ ጊዜው ግን በጨዋታ ያልፋል። እንዲህ ሲሆን «ፊዚክስን ተውኩት» የሚለው ልጅ ፊዚክስን ተወው እንበል ወይስ ፊዚክስ ነው እሱን የተወው?

ስንቅ ይዞ ደሴ

ከመካነ ሰላም ደሴ በአቀስታ በኩል ሲኬድ ረጅም የደጋ መንገድ ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ የአባይ ሸለቆ ጎጃምን ጋርዶ ይቆማል። ስለዚህ ለብዙ ዘመን ለዚያ አገር ልጅ ከፍ ያለ ትምህርት ማለት ደሴ፣ ደሴ ማለትም ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ ስሙን ያገኘው ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ከእቴጌ መነን እናት ከወይዘሮ ስሂን ነው። ከቦረናና ከሳይንት የመጡ ልጆች ሦስትና አራት እየሆኑ አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው። ሲያልቅ በዘመድ ወይም በነጋዴ ይላካል፤ ካልተላከ ልጁ ራሱ ሄዶ ያመጣል። ሄዶ ሲመለስ ያመለጠውን ትምህርት የሚደግምለት የለም።

ለሴት ልጅ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር። ወንዱን በሩቅ ከተማ የኪራይ ቤት ማስቀመጥ የማያስፈራው አባት ሴቷን አይሰድም። በዚያ ዘመን ደንቡ ሴትን አይከለክልም፤ መንገዱ ይከለክላታል። ስለ መግቢያ ነጥብ የሚወራው ሁሉ ለእሷ ከመጀመሪያው የማይመለከታት ወሬ ነበር።

በ1955 ዓ.ም ትምህርት በስድስት፣ በሁለትና በአራት ዓመት ሲከፈል ሁለተኛ ደረጃው «አጠቃላይ» የሚል ስም ያዘ። አጠቃላይ የተባለበት ምክንያት ከቀለም ትምህርቱ ሌላ የንግድ ሥራ፣ የእጅ ሙያ፣ የእርሻና የቤት አያያዝ ትምህርት በአንድ ግቢ እንዲሰጥ ስለታሰበ ነው። አሳቡ ጥሩ ነበር፦ ዩኒቨርሲቲ የማይገባው ልጅ ሙያ ይዞ ይውጣ። በዚያው ዓመት የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች፣ ከ1957 ዓ.ም ጀምሮም በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ መሠረት ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ የተላኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመምህሩን ክፍተት ሞሉ። ነገር ግን ሕዝቡ የእጅ ሙያውን ክፍል ዝቅ አድርጎ አየው። ደመወዝ ያለው በማትሪክ በኩል ነው፤ ሌላው ሁሉ ለቀሪ ነው ተባለ።

የ1964ቱ ጥናት የገጠመው

ይህ የሕዝብ አመለካከት ምን ያህል ሥር እንደነበረው የታየው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ነው። በ1964 ዓ.ም የተጠናው፣ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ጥናት አንድ እውነት ይዞ ነበር። ትምህርት ጥቂቶችን ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ ብቻ ከተሠራ ብዙኃኑን ባዶ እጁን ይሰዳል፤ ስለዚህ ለሁሉም የሚዳረስ፣ በራሱ ሙሉ የሆነ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይኑር አለ። ነገሩ ወደ የኔታ ደንብ የተጠጋ ነው፤ እያንዳንዱ እርከን የራሱ ማለቂያ ይኑረው ማለት ነውና።

ወላጅና መምህር ግን የሰሙት ሌላ ነው። የድኻ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የሀብታም ልጅ ወደ ላይ ይለፍ ተብሏል ብለው ሰሙ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም መምህራን ሥራ አቆሙ። ጥናቱ ከሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ አብዮቱም መጣ። እኔ ወላጆቹን አልፈርድባቸውም። መጨረስ ምንም በማያስገኝበት አገር፣ ልጅህ ይጨርስ እንጂ አይግባ ቢባል የማይቆጣ ማን ነው? መጨረስ ዋጋ እንዲኖረው መጀመሪያ የጨረሰውን ልጅ የሚቀበል ሥራ፣ መሬት፣ ሙያ መኖር ነበረበት።

በደርግ ዘመን ትምህርት ቤት በዛ፤ በገጠርም ገባ። ደንቡ ግን በመሠረቱ ያው አምስቱ ሆኖ ቆየ። ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ጥቂት ነውና ከፈተናው የተረፈው የብዙኃን ወጣት «ማትሪክ የወደቀ» የሚል ስም ተሸክሞ በየመንደሩ ተቀመጠ። የበረታው በማታ ትምህርት፣ በግል ተፈታኝነት ደጋግሞ ይፈተናል። ሦስቴም አራቴም ተፈትነው የገቡ አሉ። ይህች የመድገም በር ጠባብ ብትሆንም የቀድሞውን ጊዜ የመስጠት ልማድ ትንሽ ታስታውሳለች።

አሥር ሲደመር ሁለት

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጨረስንና መግባትን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ለያያቸው። የመጀመሪያ ደረጃ እስከ 8ኛ፣ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ እስከ 10ኛ፣ መሰናዶ 11ኛና 12ኛ ሆነ። ከ1993 ዓ.ም ጀምሮ በ10ኛ ክፍል የመልቀቂያ ፈተና ተሰጠ። ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ ይሄዳል። መሰናዶው የዩኒቨርሲቲውን አንደኛ ዓመት ይተካል ተብሎ ፍሬሽማን ቀረ፤ ብዙው ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆነ።

ሆኖም ቁርጡ ቀን ወደ ኋላ ተሳበ ማለት ነው። የድሮው ልጅ በ12ኛ ክፍል ይወስን የነበረውን የአሁኑ በ16 ዓመቱ ይወስናል። ከ10ኛ ያለፈውም 11ኛ ሲገባ ወዲያው ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ይባላል። ማኅበራዊ የመረጠ ልጅ ሐኪምም መሐንዲስም ለመሆን በሩ ያን ዕለት ተዘጋበት። ይህን ምርጫ ምን ይዞ ነው የሚመርጠው? ከተማ ያለው ልጅ አባቱን፣ አክስቱን፣ አስጠኚውን ይጠይቃል። የደጋው ልጅ ጓደኛው ወደሄደበት ይሄዳል።

በ2001 ዓ.ም መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ሰባው እጅ በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው እጅ በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆኑ ወሰነ። «ሰባ ሠላሳ» የሚባለው ነው። ከዚያ ወዲህ ብልኅ የተባለ ልጅ ሁሉ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ተገፋ። ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤትም፣ ቤተ ሙከራው ቁልፍ ብቻ የሆነ ትምህርት ቤትም እኩል ሰባ እንዲያወጣ ተጠበቀ። ኬሚስትሪን ያለ ብልቃጥ፣ ፊዚክስን ያለ መሣሪያ በቃል የሸመደደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምን እንደገጠመው መምህራኑ ያውቁታል።

ሃምሳ ከመቶ

ከዚያ ደንቡ እንደገና ተገለበጠ። በ2012 ዓ.ም የ10ኛ ክፍል ፈተና ቀረ። ፍሬሽማንም ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ሁለተኛ ደረጃ አንድ ወጥ የአራት ዓመት ትምህርት ሆነና የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደ ጥንቱ መልቀቂያም መግቢያም ሆኖ ብቻውን ቀረ። መሐል ላይ የነበረው ማቆሚያ ተነሣ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲወሰድ ኩረጃው ተቆረጠ፤ ማለፊያውም ሃምሳ ከመቶ ሆነ። ውጤቱን ከላይ ተናግሬአለሁ። በሚቀጥለው ፈተና ከ845,188 ተፈታኞች 27,267፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ። ከመቶ 3.2፣ ከዚያም 5.4 ነው።

ፈተናው ታማኝ መሆኑን እደግፋለሁ። የተሰረቀ ነጥብ ማንንም አይጠቅምም፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው በጥረቱ ያጠናውን የገጠር ልጅ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከመቶ ዘጠና አምስቱ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ሲያበቃ «ወደቀ» ከተባለ፣ የጨረሰው ነገር ስሙ ማን ነው? ከሃምሳ በታች ካመጡት መካከል የተሻሉት በየዩኒቨርሲቲው የአቅም ማሻሻያ፣ ሪሜዲያል የሚባለውን ትምህርት እንዲወስዱ መደረጉ መልካም ነው፤ የድሮዋን የመድገም በር በከፊል ከፍቷል። የቀረው ብዙኃን ግን ለአሠሪ የሚያሳየው፣ ይህን ያውቃል የሚል፣ ዋጋ ያለው ማስረጃ ያስፈልገዋል።

በዚህ ላይ የአማራ ክልል ልጅ ልዩ ሸክም አለበት። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴን ሲይዝ ወሎ ምን እንደሆነ አይተናል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተስፋፋው ውጊያ ደግሞ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። የትምህርት ዘመኑ የተቆረጠበት ልጅ ሙሉ ዓመት ከተማረው ጋር በአንድ ወረቀት ይመዘናል። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ አራቱ ዓመት ግን ለሁሉም አራት አልሆነም።

ታዲያ ምን ይደረግ

እኔ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥራ ልሠራ አልነሣሁም። ከታሪኩ የሚወጡትን ሦስት ነገሮች ብቻ እናገራለሁ።

አንደኛ፣ ደንቡ በ9ኛ ክፍል መግቢያ ቀን ይነገር። የትኛው ትምህርት የትኛውን በር ይከፍታል፣ 11ኛ ክፍል ላይ ምን ይመረጣል፣ የመረጠው ምን ያጣል የሚለው በአንዲት ገጽ በአማርኛ ተጽፎ ለልጁም ለወላጁም ይሰጥ። ወላጁ ማንበብ ባይችል በሰንበቴውም በመስጊዱም ደጅ፣ በገበያም ቀን ይነበብለት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ሰባ ዓመት ሙሉ የከተማ ልጅ በቤቱ ሲሰማው የኖረውን ነገር የገጠሩም ልጅ እንዲሰማ ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ በአጠገብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤት ይሁን። በመካነ ሰላም ቤተ ሙከራና የፊዚክስ መምህር ያለው ግቢ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ከተማ ይኖራል። በጃንሆይ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያስተምር ነበር። ዛሬ መውረድ እንኳ አያስፈልግም፤ መንገድ መሻገር ይበቃል። የቅዳሜ ቤተ ሙከራ፣ የክረምት የሒሳብና የእንግሊዝኛ ትምህርት ያንን በር ለአካባቢው ልጅ በእውነት ይከፍተዋል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ መጨረስ ከመግባት ይለይ። መግቢያው ይጥበቅ፤ ሃምሳም ይሁን ስድሳ። ነገር ግን አራቱን ዓመት በደንብ የተማረ፣ የተፈለገበትን ትምህርት በየዓመቱ ያሟላ ልጅ ጨርሷል ይባል፤ የጨረሰበትም ወረቀት ለሙያ ሥልጠና፣ ለሥራ፣ ለብድር የሚያበቃ ይሁን። ድጓ አድርሶ ቅኔ ቤት ያልገባውን መሪጌታ ወዳቂ ያላለ አገር፣ 12ኛ ክፍል ደርሶ ዩኒቨርሲቲ ያልገባውን ልጅ ወዳቂ ማለቱ ከራሱ ልማድ መራቁ ነው።